የምርጫው መጋረጃ፦ የመራጭ ምስጢር ታሪክ ከፖንትፍራክት እስከ ታወር ሃምሌትስ



በለንደን ከተማ ምሥራቃዊ ክፍል ታወር ሃምሌትስ የሚባል ክፍለ ከተማ አለ። ከነዋሪዎቹ ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ሙስሊሞች ናቸው፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ዘራቸው ከባንግላዴሽ ይመዘዛል። ኤፕሪል 23 ቀን 2015 አንድ የምርጫ ጉዳይ ዳኛ የዚህን ክፍለ ከተማ የከንቲባ ምርጫ ውጤት ሰረዙ። ለመሰረዙ ከሰጧቸው ምክንያቶች መካከል አንዱ 101 ኢማሞችና የሃይማኖት መምህራን የፈረሙበት አንድ ደብዳቤ ነበር።

ነገሩ በጊዜው በዓለም ዙሪያ ብዙ አነጋገረ። አንዳንዱ «ሙስሊሞች ላይ የተነጣጠረ ፍርድ ነው» አለ፤ ሌላው «ኢማም በፖለቲካ ምን ጥልቅ አደረገው?» አለ። ይሁን እንጂ ዳኛው የተጠቀሙበት ሕግ መቼ፣ ለምን፣ በማን ላይ ወጣ ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። መልሱ ወደ 1800ዎቹ፣ ወደ ጭሰኞችና ባለርስቶች፣ ወደ አየርላንድ ቀሳውስትም ይወስደናል። ጉዳዩ በየመስጂዱ የምናገለግለውንም ሆነ ከኋላችን የሚሰግደውን ጀማዓ ይነካል። ስለዚህ ከሥሩ እንጀምር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድምፅ በአደባባይ ይጮህ በነበረበት ዘመን

ዛሬ ምርጫ ሲባል ወረቀት፣ መከለያና ኮሮጆ ይታየናል። በእንግሊዝ አገር ግን እስከ 1872 ድረስ ለፓርላማ መምረጥ እንዲህ አልነበረም። መራጩ በሕዝብ ፊት ወጥቶ ስሙን ይናገራል፤ ቀጥሎም የሚመርጠውን ሰው ስም ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠራል። ጸሐፊው በመዝገብ ያሰፍረዋል። በብዙ ቦታ ደግሞ ምርጫው ካለቀ በኋላ መዝገቡ ታትሞ ይሸጥ ነበር። እገሌ የተባለው ዳቦ ጋጋሪ ማንን መረጠ? እገሌ የተባለው ጫማ ሰፊስ? ሳንቲም ከፍሎ መዝገቡን የገዛ ሁሉ ያነበዋል።

መሬቱ የባለርስቱ የሆነበት ጭሰኛ በዚህ ሥርዓት ምን ሊያደርግ ይችላል? በ1868 በዌልስ የሆነው ነገር መልሱን ያሳያል። በካርዲጋንሻየርና በካርማርተንሻየር ብዙ ጭሰኞች ከጌቶቻቸው ፍላጎት ውጭ ለሊበራል ዕጩዎች ድምፅ ሰጡ። ምርጫው ሲያልፍ ከነዚህ ገበሬዎች መካከል ከሚያርሱት መሬት የተባረሩ ነበሩ። ጥፋታቸው አንድ ነው፤ ድምፃቸው ተሰምቷል።

ጉቦውም በዚሁ በኩል ይገባ ነበር። ገንዘብ የሚከፍል ዕጩ የገዛው ድምፅ በእርግጥ እንደተሰጠው ቆሞ ያዳምጣል። መጠጥ ቤቶች በዕጩዎች ኪሳራ ቀን ከሌት ክፍት ይሆናሉ። ድምፅ በግልጽ የሚሰጥ ከሆነ ለገዢውም ለአስፈራሪውም ይመቻል፤ ሁለቱም ያሰቡት መድረሱን በዓይናቸው ያረጋግጣሉና።

ምስጢራዊ ድምፅ እንዲመጣ የተጠየቀው ቀደም ብሎ ነበር። በ1838 የወጣው የሠራተኞች የሕዝብ ቻርተር ከያዛቸው ስድስት ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነበር። ከዚያ በፊትም ጆርጅ ግሮት የተባሉት የፓርላማ አባልና የታሪክ ጸሐፊ በ1830ዎቹ ጉዳዩን በተደጋጋሚ አቅርበው ተሸንፈዋል።

የሚገርመው፣ ከተቃዋሚዎቹ አንዱ የነጻነት ጠበቃ ተብለው የሚታወቁት ጆን ስቱዋርት ሚል ነበሩ። በ1861 ባሳተሙት የመንግሥት አስተዳደር መጽሐፋቸው ክርክራቸውን ሲያቀርቡ፣ ድምፅ የግል ሀብት ሳይሆን ለሕዝብ ጥቅም የተሰጠ አደራ ነው፤ አደራ ከሆነ ደግሞ ባለ አደራው ምን እንዳደረገበት ሕዝቡ ሊያይ ይገባል ይላሉ።

ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። እኛም ድምፅ አማና ነው እያልን እናስተምራለን። ነገር ግን ሚል አንድ ነገር አሳንሰው ያዩ ይመስለኛል። አደራ የተቀበለ ሰው አደራውን እንዲወጣ በመጀመሪያ እጁ መፈታት አለበት። ባለርስት ቆሞ የሚያየው ጭሰኛ አደራ ተቀባይ ሳይሆን መልእክተኛ ነው፤ የሚያደርሰውም የጌታውን ድምፅ ነው።

ከአውስትራሊያ የመጣ ወረቀት

መፍትሔው የመጣው ከሩቅ ነው። በ1856 ቪክቶሪያና ደቡብ አውስትራሊያ የተባሉት የአውስትራሊያ ግዛቶች በሳምንታት ልዩነት አዲስ ሕግ አወጡ። መንግሥት ራሱ አንድ ዓይነት ወረቀት ያትማል፤ መራጩ ከመከለያ ጀርባ ሆኖ ብቻውን ይሞላና አጥፎ ሳጥን ውስጥ ይከታል። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት አሠራር መነሻው ይህ ነው። ለረጅም ጊዜም «የአውስትራሊያ ድምፅ አሰጣጥ» ተብሎ ይጠራ ነበር።

እንግሊዝ በ1872 የድምፅ አሰጣጥ አዋጁን አወጣች። አዋጁ ለፓርላማ ብቻ ሳይሆን ለከተማ ምክር ቤቶች ምርጫም ይሠራ ነበር። የመጀመሪያው ፈተና ኦገስት 15 ቀን 1872 በዮርክሻየር በምትገኘው ፖንትፍራክት በተባለች ትንሽ ከተማ በተካሄደ የማሟያ ምርጫ ላይ ሆነ። አሸናፊው ሂው ቺልደርስ ናቸው፤ ያገኙት ድምፅ 658፣ የተቃዋሚያቸው 578 ነበር። ቺልደርስ በወጣትነታቸው ለዓመታት በቪክቶሪያ ኖረው በዚያ መንግሥት ያገለገሉ ሰው መሆናቸው የታሪክ ግጥምጥሞሽ ነው።

ያ የምርጫ ሳጥን ዛሬም በፖንትፍራክት ሙዚየም ይገኛል። ከተማዋ ሊኮሪስ ከሚባል ሥር በሚሠራ ጥቁር ከረሜላ የታወቀች ናት፤ የሳጥኑ ሰም የታሸገውም የከረሜላ ፋብሪካ በሚጠቀምበት ማኅተም ነበር። የምርጫውን ቀን የታዘቡ ሰዎች ከሁሉ በላይ ያስደነቃቸው ጸጥታው ነበር፤ ጩኸት፣ ስካርና ግርግር የለመደው አደባባይ ረጋ አለ። ማን ማንን እንደመረጠ ካልታወቀ ማንን ትደበድባለህ? ለማንስ ትከፍላለህ?

አዋጁ ዕጩዎችንም ሥርዓት አስያዛቸው። ከዚያ በፊት ዕጩ የሚቀርበው በአደባባይ መድረክ ላይ በጩኸት ነበር። ከ1872 ጀምሮ ግን ዕጩነት በጽሑፍ ሆነ፤ አቅራቢ፣ ደጋፊና ሌሎች ስምንት መራጮች በድምሩ አሥር ሰዎች መፈረም ነበረባቸው። ማንበብ ለማይችለውና ለዓይነ ስውሩ መራጭም መላ ተበጀ፤ የጣቢያው ኃላፊ በነገረው መሠረት ይሞላለታል።

ልብ በሉ፣ ምስጢሩ ፍጹም አልነበረም፤ አሁንም አይደለም። በእንግሊዝ እያንዳንዱ የድምፅ መስጫ ወረቀት ቁጥር አለው፤ የትኛው ቁጥር ለየትኛው መራጭ እንደተሰጠም በሌላ ዝርዝር ይያዛል። ይህ የተደረገው ማጭበርበር ሲጠረጠር ፍርድ ቤት እንዲያጣራ ነው። ሰነዶቹ ታሽገው ለአንድ ዓመት ይቀመጡና ይጠፋሉ፤ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማንም አይከፍታቸውም። መራጩ ድምፅ መስጠት አለመስጠቱ የሚታይበት ምልክት የተደረገበት መዝገብ ደግሞ ዕጩዎችና ፓርቲዎች ሊያገኙት የሚችሉት ነው። እንግዲህ ሕጉ የሚጋርደው ማንን መረጥክ የሚለውን እንጂ መርጠሃል ወይ የሚለውን አይደለም።

መጋረጃው የማይከልለው ፍርሃት

አሁን ወደ አየርላንድ እንሻገር፤ አየርላንድ ያኔ በእንግሊዝ ፓርላማ ሥር ነበረች። ፌብሩዋሪ 1872፣ የምስጢር ድምፅ ከመጀመሩ ከወራት በፊት፣ በጎልዌይ አውራጃ የማሟያ ምርጫ ተደረገ። ጆን ፊሊፕ ኖላን የተባሉት ዕጩ በካቶሊክ ቀሳውስት ሙሉ ድጋፍ በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። ተቃዋሚያቸው ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። ዳኛ ዊልያም ኪዮ፣ ራሳቸው ካቶሊክ ሲሆኑ፣ ቀሳውስቱ በምእመናን ላይ ተገቢ ያልሆነ ጫና አሳድረዋል ብለው ምርጫውን ሻሩት። አየርላንድ በቁጣ ነደደች።

ብዙዎች የምስጢር ድምፅ ሲመጣ እንዲህ ያለው ክስ ያበቃል ብለው አስበው ይሆናል። አላበቃም። በ1892 በሚዝ አውራጃ ጳጳሱ ቶማስ ነልቲ በየቤተ ክርስቲያኑ የሚነበብ መልእክት ጻፉ። መልእክቱ የፓርኔልን ወገን መደገፍ ከሃይማኖት ጋር የሚጋጭ አድርጎ የሚያሳይ ነበር። በደቡብ ሚዝ ያሸነፉት ፓትሪክ ፉላምና በሰሜን ሚዝ ያሸነፉት ታዋቂው ማይክል ዴቪት ሁለቱም በፍርድ ቤት ወንበራቸውን አጡ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። በ1892 መጋረጃ ነበረ፤ ወረቀቱም የታጠፈ ነበር። ባለርስቱ አያይም፣ ቄሱም አያዩም። ታዲያ ጫናው ከየት መጣ? ነገሩ ግልጽ ነው። ባለርስት ከመጋረጃው ውጭ ይቀራል። ድምፅ ሰጪው «ይህን ባደርግ ከፈጣሪዬ እጣላለሁ» ብሎ ካመነ ግን ያ ፍርሃት አብሮት ወደ ውስጥ ይገባል። ሰውን ከሰው ዓይን መሸሸግ ይቻላል፤ ከአላህ ግን ማንም እንደማይሸሸግ አማኝ ሁሉ ያውቃል። በዚህ ምክንያት በሃይማኖት ስም የሚደረግ ማስፈራራት በመጋረጃ የማይከለከል ብቸኛው ጫና ነው።

ስለሆነም ሕጉ ሌላ መንገድ ያዘ። መራጩን መጋረድ ካልበቃ ዕጩውን ማሰር አለብን አለ። በ1883 የወጣው የብልሹና ሕገ ወጥ ተግባራት መከላከያ አዋጅ የዕጩዎችን ወጪ ገደበ፤ መራጭን በሥጋዊም ሆነ በመንፈሳዊ ጉዳት ማስፈራራትንም ወንጀል አደረገ። በዓመቱ በ1884 ተመሳሳይ ሕግ ለከተማ ምክር ቤቶች ወጣ። ዋናው ኃይሉ እዚህ ላይ ነው፦ ጥፋቱን የፈጸመው የዕጩው ወኪል ከሆነ፣ ዕጩው ራሱ ባያውቅም ምርጫው ሊሻር ይችላል። በዚህ ሕግ «ደጋፊዎቼ ያደረጉት ነው፣ እኔን አይመለከተኝም» ማለት አያዋጣም።

ኮሮጆው ወደ ቤት ሲመጣ

ከመቶ ዓመት በላይ ይህ ግንብ ቆመ። በ2000 የወጣው ሕግ ግን በግንቡ ላይ አንድ በር ከፈተ፤ ማንኛውም መራጭ ምክንያት ሳይጠየቅ ድምፁን በፖስታ እንዲሰጥ ፈቀደ። ዓላማው ጥሩ ነበር። ሽማግሌው፣ ሕመምተኛው፣ ሕፃን የያዘችው እናት እንዳይጉላሉ ነው። ነገር ግን ወረቀቱ በፖስታ ቤት ሲደርስ መከለያው አብሮ አይመጣም።

ጁን 2004 በተካሄደው የበርሚንግሃም ከተማ ምክር ቤት ምርጫ በአስተንና በቦርድስሊ ግሪን ወረዳዎች የሆነው ይህ ነው። ሁለቱም ብዙ ሙስሊሞች የሚኖሩባቸው ሠፈሮች ናቸው። የፖስታ ድምፆች ተሰብስበው፣ ተለውጠው፣ በሌላ ሰው እጅ ተሞልተው ተገኙ። በ2005 የምርጫ ዳኛው ሪቻርድ ሞሪ የሁለቱንም ወረዳዎች ውጤት ሰረዙ። ይህን ተከትሎ በ2006 የወጣው ሕግ የፖስታ መራጭ ፊርማውንና የትውልድ ቀኑን እንዲሰጥና ወረቀቱ ሲመለስ እንዲመሳከር አዘዘ።

ፊርማ ማመሳከር ሌባን ይይዛል፤ ይሉኝታን ግን አይዝም። የቤቱ አባወራ ወረቀቶቹን ሰብስቦ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ፣ ሚስት፣ ያገባች ልጅ፣ አዛውንት እናት «የት ላይ ልፈርም?» ካሉ፣ ፊርማው እውነተኛ ነው፤ ድምፁ ግን የእነሱ አይደለም። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አላስፈራራም። ጭሰኛው ባለርስቱን ፈርቶ ያደረገውን እዚህ ሰው ቤተሰቡን አክብሮ ያደርገዋል። መጨረሻቸው ግን አንድ ነው፤ አንድ ሰው የብዙ ሰው ድምፅ ይሰጣል።

ታወር ሃምሌትስ

አሁን ወደ ተነሣንበት እንመለስ። ሉትፉር ራሕማን በ2010 የታወር ሃምሌትስ የመጀመሪያው በቀጥታ የተመረጡ ከንቲባ ሆኑ። ሜይ 2014 በድጋሚ ተወዳደሩና ከ3000 በሚበልጥ ድምፅ አሸነፉ። በእንግሊዝ ሕግ አራት መራጮች ከተባበሩ የአካባቢ ምርጫን ውጤት በፍርድ ቤት ሊሞግቱ ይችላሉ። አራት ነዋሪዎች ይህን አደረጉ፤ ጉዳዩን ያዩትም የበርሚንግሃሙ ዳኛ ሪቻርድ ሞሪ ነበሩ።

በኤፕሪል 2015 የተሰጠው ፍርድ ብዙ ነጥቦች ነበሩት፦ በፖስታና በሌላ ሰው ስም የተሰጡ ድምፆች፣ ስለ ተፎካካሪ የተነገረ ሐሰት፣ ድጋፍ ለማግኘት የተከፋፈለ የምክር ቤት ገንዘብ፣ በመጨረሻም መንፈሳዊ ጫና። ይህ የመጨረሻው ከምርጫው ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ በአንድ የቤንጋሊ ጋዜጣ የወጣውን የ101 ኢማሞችና መምህራን ደብዳቤ የሚመለከት ነው። ዳኛው ደብዳቤው ለከንቲባው ድምፅ መስጠትን የሃይማኖት ግዴታ አስመስሎ አቅርቧል ብለው ደመደሙ። የተጠቀሙበትም የ1983ቱ የምርጫ ሕግ ሲሆን፣ የመንፈሳዊ ጉዳት ሐሳቡ በቀጥታ ከ1883 የተወረሰ ነው። ሉትፉር ራሕማን ክሱን አልተቀበሉም፤ በወንጀል ፍርድ ቤትም አልተከሰሱም። ለአምስት ዓመት ከመወዳደር ታገዱ፤ እገዳው ካለቀ በኋላ በ2022 ተወዳድረው እንደገና ከንቲባ ሆኑ።

ፍርዱን የተቃወሙ ሰዎች ያነሡት ነገር መደመጥ አለበት። በአየርላንድ ካቶሊኮች ላይ የወጣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሕግ ተረስቶ ኖሮ ሙስሊሞች ላይ መነሣቱ አሳምሟቸዋል። የባንግላዴሽ ተወላጅ መራጭ ኢማም ያለውን ሁሉ እንደ መንጋ ይከተላል ተብሎ መታሰቡም አቁስሏቸዋል። ይህ ቁስል እውነተኛ ነው። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሳትም በዚያው 2015 ከፓርላማ ምርጫ በፊት ረጅም መልእክት አውጥተው ነበር።

ልዩነት ግን አለ፤ ልዩነቱም ለእኛ ትምህርት ነው። የጳጳሳቱ መልእክት ስለ ድህነት፣ ስለ ጉርብትና፣ ስለ መምረጥ ኃላፊነት ተናገረ እንጂ ይህን ፓርቲ ምረጡ አላለም። የ101ዱ ደብዳቤ ሰው ለይቶ ጠራ። ዛሬም በ2022 የተሻሻለው ሕግ ተገቢ ያልሆነ መንፈሳዊ ጫናን በስም ጠቅሶ ይከለክላል። ሕጉ የሚይዘውም ሰባኪን ሁሉ ሳይሆን፣ ሃይማኖትን መራጭን ለማስገደጃ ያዋለውን ነው።

መጋረጃውን መልሶ መትከል

በ2022ቱ ምርጫ የታወር ሃምሌትስን ጣቢያዎች የጎበኙ ታዛቢዎች ሌላ ነገር አዩ። አንዳንድ መራጮች ከቤተሰባቸው ጋር አንድ መከለያ ውስጥ ይገቡ ወይም ከጀርባ ቆመው ያመለክቱ ነበር። ይህ በሌሎች የእንግሊዝ አካባቢዎችም በሌሎች ማኅበረሰቦችም የታየ ነገር ነው። በ2023 የወጣው የድምፅ ምስጢር ሕግ ይህን በግልጽ ወንጀል አደረገ፦ በሌላው ድምፅ ላይ ተጽዕኖ ለማድረግ አስቦ መከለያው አጠገብ አብሮ መቆም ክልክል ነው። አካል ጉዳተኛን ለመርዳት የተፈቀደ ረዳት በዚህ አይነካም።

የፖስታውም በር ጠበበ። ከ2024 ጀምሮ የዕጩ ቀስቃሾች የሰውን የፖስታ ድምፅ መንካት አይችሉም፤ አንድ ሰውም ከራሱ ሌላ ከአምስት በላይ ሰዎችን የፖስታ ድምፅ ወደ ጣቢያ ማድረስ አይፈቀድለትም። ከሜይ 2023 ጀምሮ በእንግሊዝ የአካባቢ ምርጫ ላይ ፎቶ ያለው መታወቂያ ይጠየቃል። ኒቃብ የምትለብስ እህት መታወቂያዋ የሚታየው ከሰው ዓይን በተከለለ ቦታ ነው፤ ሴት ሠራተኛ እንድታያትም መጠየቅ ትችላለች። መታወቂያ የሌለው መራጭ ከምክር ቤቱ በነጻ የምስክር ወረቀት ያወጣል።

የመራጩ ግላዊነት በሳጥኑ አያልቅም። የመራጮች መዝገብ ስምና አድራሻ የያዘ ነው፤ ለብዙ ዓመታትም ለንግድ ድርጅቶች ይሸጥ ነበር። በ2001 በዌክፊልድ አንድ ነዋሪ «ድምፅ ለመስጠት ስመዘገብ አድራሻዬ ለነጋዴ እንዲሸጥ አልፈቀድኩም» ብሎ ከሰሰና አሸነፈ። በዚህ ምክንያት ከ2002 ጀምሮ መዝገቡ ሁለት ሆነ፤ ሙሉው ለምርጫና በሕግ ለተወሰኑ ጉዳዮች ብቻ ይውላል፤ ከሚሸጠው መዝገብ ደግሞ ማንም ሰው ስሙን ማስወጣት ይችላል። ሕይወቱ አደጋ ላይ የሆነ ሰው፣ ለምሳሌ ከሚደበድባት ባል የሸሸች ሴት፣ ስሟ ሳይታይ መመዝገብ ትችላለች። ፖንትፍራክት ዛሬ በዚሁ በዌክፊልድ ምክር ቤት ሥር መሆኗን ስናስብ፣ ያቺ አካባቢ የመራጭን ምስጢር ሁለት ጊዜ ጠብቃለች ማለት ይቻላል።

ዕጩዎችስ? በ1835 ለከተማ ምክር ቤት መወዳደር የሚችለው ንብረት ያለው ብቻ ነበር፤ ይህ በ1880 ተሰረዘ። ዛሬ በእንግሊዝ ለአካባቢ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው 18 ዓመት የሞላው፣ በዜግነቱ የተፈቀደለት፣ በዚያ አካባቢ የተመዘገበ ወይም የሚኖር ወይም የሚሠራ ወይም ቤት ወይም መሬት የያዘ መሆን አለበት። የዚያው ምክር ቤት ተቀጣሪ መወዳደር አይችልም። በ1872 አሥር የነበሩት ፈራሚዎች አሁን ሁለት ናቸው፤ ለተራ የምክር ቤት ዕጩ ማስያዣ ገንዘብም የለም። ወጪውን ግን ውጤት ከተነገረ በ35 ቀናት ውስጥ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ዕጩው የቤት አድራሻው በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ እንዳይወጣ መጠየቅ ይችላል፤ በዕጩዎች ላይ የሚደርሰው ማስፈራራት በርትቶ ነበርና።

እኛን የሚመለከተን

በብሪታንያ ለሚኖሩ ወገኖቻችን አንድ ነገር ላስታውስ። ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን የያዘ ሰው በእንግሊዝ የአካባቢ ምርጫ አይሳተፍም፤ የብሪታንያ ዜግነት ያገኘ ግን ሙሉ መብት አለው። በስኮትላንድና በዌልስ በሕጋዊ ፈቃድ የሚኖር የውጭ ዜጋም ለአካባቢ ምክር ቤት ድምፅ መስጠት ይችላል። መብቱ ያላችሁ ራሳችሁ ተመዝገቡ፤ ወረቀታችሁንም ራሳችሁ ሙሉ። በአገራችንም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 ምርጫ በምስጢር በሚሰጥ ድምፅ እንደሚካሄድ ደንግጓል። ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

ከታሪኩ የምንወስደው ምንድን ነው? መጋረጃው መጀመሪያ የተተከለው ደካማውን ከኃይለኛው ለመከለል ነው። ያኔ ኃይለኛው ባለርስት ነበር። ዛሬ ኃይለኛው የምንወደውና የምናከብረው ሰው ሊሆን ይችላል፤ አባት፣ ባል፣ ታላቅ ወንድም፣ ኢማም። ባለርስትን መቃወም ከባድ ነው፤ የሚያከብሩትን ሰው መቃወም ደግሞ በይሉኝታ ምክንያት ይበልጥ ይከብዳል። መጋረጃው የተሰጠን ይህን እንዳንጋፈጥ ነው፤ ከአባቱ የተለየ ምርጫ ያለው ልጅ አባቱን ሳያስቀይም የልቡን እንዲያደርግ።

ስለዚህ በሚንበር ላይ የምንቆም ሰዎች ስለ ፍትሕ፣ ስለ አማና፣ ጉቦ ሐራም ስለመሆኑ፣ ሐሰት ስለ መመስከር አስከፊነት በሙሉ ድምፃችን እንናገር። የዕጩን ስም ስንጠራ ግን ቃላችን መጋረጃውን አልፎ እንደሚገባ እንወቅ። ጀማዓው የእኛን ቃል እንደ ጎረቤት ምክር ብቻ አይሰማውም። ይህ ከአላህ የተሰጠን ክብር ነው፤ ክብሩ የተሰጠን ደግሞ የሰውን ድምፅ እንድንወስድበት አይደለም።

የቤት አባወራም እንዲሁ ነው። ስለ ዕጩዎቹ ከቤተሰብህ ጋር ተወያይ፣ ተከራከር፣ አስረዳ። ወረቀቱ ሲመጣ ግን የሚስትህን ለሚስትህ፣ የእናትህን ለእናትህ ስጥና ከክፍሉ ውጣ። ማንን እንደመረጡም አትጠይቅ። ካልነገሩህም «ሆድ ይፍጀው» ብለህ እለፍ።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።